ከመስታወት ጋር የተጣበቀው የሠርግ ፎቶ፦ ምኑ ይመለሳል፣ ምኑ አይመለስም

ጥያቄ፦ «የእናትና የአባቴ የሠርግ ፎቶ ነው። በ1964 ዓ.ም. ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት የተነሱት። የካዛንቺሱ ቤታችን ሲፈርስ ዕቃችን ውጭ አድሮ ዝናብ ነካው። አሁን ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። የአባቴ ግማሽ ፊት ነጭ ሆኗል፤ እናቴ ቀሚስ ላይ ቢጫ ውሃ ወርዷል። ልጄ በስልኳ አፕ ሞክራው ቆንጆ ሆኖ ወጣ። እናቴ ግን አይታ ‹ይሄ ደግሞ ማነው?› አለች። የተበላሸ የቤተሰብ ፎቶ በነፃ የሚያድሱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች አሉ ተብዬ በቴሌግራም ሳናግራቸው ‹ፎቶውን ያምጡት› አሉኝ። በቢላ ከመስታወቱ ላላቀው? ኦሪጅናሉን ልስጣቸው? ባለ ቀለም ማድረግስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ቢላው ይቀመጥ። ምላጭም፣ ሙቅ ውሃም፣ የፀጉር ማድረቂያም አይሞከር።

ምክንያቱ ፎቶው ከምን እንደተሠራ ሲታወቅ ይገባል። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም አይደለም። ከወረቀቱ በላይ ስስ የጄላቲን ሽፋን አለ። ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው። የአባትዎ ፊት ያለው እዚያ ሽፋን ውስጥ ነው፤ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣቶች ሆኖ። ጄላቲን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ሙጫ ይሆናል። መስታወት ላይ ተደግፎ ሲደርቅ ደግሞ መስታወቱን ነክሶ ይይዛል። ስለዚህ ቢላ ሲገባበት ከመስታወቱ የሚላቀቀው ወረቀቱ ብቻ ነው። እጅዎ ላይ ባዶ ወረቀት ይቀራል፤ ፊቱ ተልጦ መስታወቱ ላይ ይቀራል።

«ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ራሱ ይለቃል» የሚል ሰውም አይጠፋም። የሠለጠነ የፎቶ ጥገና ባለሙያ አንዳንድ ፎቶ ላይ ይህን ያደርጋል። እርስዎ ቤት ግን አይደረግም። ፎቶው ዝናብ ነክቶት ተዘግቶ ከቆየ ሻጋታ ጀምሮት ሊሆን ይችላል። ሻጋታ ጄላቲኑን ይበላዋል፤ የተበላ ጄላቲን ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ጠዋት ሳፋው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ያገኛሉ።

ሌላው ላስተካክልልዎ የምፈልገው «ነጭ ሆኗል» ያሉትን ነው። ነጭ ሆነ ማለት ሁልጊዜ ጠፋ ማለት አይደለም። ፎቶ መስታወት ላይ ሲጣበቅ የተጣበቀው ቦታ ጠቆር ብሎ ርጥብ ይመስላል። ያልተጣበቀው ቦታ በመሀል አየር ስላለ ፈዘዝ፣ ነጣ ይላል። ብዙ ሰው «ተበላ» ብሎ የሚያዝነው በዚህ በነጣው ቦታ ነው፤ ምስሉ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ያረጋግጡ። ማታ የክፍሉን መብራት ያጥፉ። ፍሬሙን ጠረጴዛ ላይ ያስተኙ። የስልክዎን ባትሪ አብርተው ከጎን፣ ከጠረጴዛው ብዙም ከፍ ሳይሉ ያብሩበት፤ ብርሃኑ ፎቶው ላይ በአግድም ይለፍ። አሁን ነጩን ቦታ ቀረብ ብለው ይዩት። የቅንድብ ጥላ፣ የአፍንጫ ጠርዝ፣ የኮሌታ መስመር በስሱም ቢሆን ከታየ ምስሉ አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ንጣቱን እየቀነሱ ማውጣት ይቻላል። ጭራሽ ምንም ከሌለ፣ ቦታውም ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ልሙጥ ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ጄላቲኑ ተነስቷል። ያ ክፍል የለም። ነጩ ነገር ጥጥ ጥጥ የሚል ወይም ነጠብጣብ ነጠብጣብ ከሆነ ደግሞ ሻጋታ ነው፤ ከሥሩ ምስል ሊኖር ስለሚችል አይጥረጉት። የፍሬሙን ጀርባ ከፍተው የሻጋታ ሽታ ካገኙ ማስክ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ልጆች አይቅረቡ።

ቢጫው ውሃ ያስፈራል እንጂ ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነው። የድሮ ፍሬም ጀርባ ብዙ ጊዜ ካርቶን ወይም የተጣጠፈ ጋዜጣ ነው። ዝናቡ የዚያን ካርቶን ቡናማ ውሃ ይዞ ፎቶው ላይ ወርዷል። እድፉ ቀለም አለው፤ ከሥሩ ያለው ምስል ግን ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለቱን ለመለየት ይህ ልዩነት ይበቃል። በቀለም ኮፒ የተደረገ ምስል በኮምፒውተር ሦስት ንብርብር አለው፦ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ቢጫ እድፍ ሰማያዊ ብርሃንን ይውጣል። ስለዚህ በሰማያዊው ንብርብር ላይ እድፉ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በቀዩ ላይ ግን ሊጠፋ ይደርሳል። ባለሙያው ቀዩን ንብርብር ብቻ ሲከፍት የእናትዎ ቀሚስ ከነጥለቱ ብቅ ሊል ይችላል። ምንም አልተሳለም፣ ምንም አልተገመተም። ለዚህ ነው «ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በጥቁርና ነጭ ስካን አድርጉት» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ እምቢ ማለት ያለብዎት። ሁልጊዜ በቀለም።

አሁን ወደ ኮፒው፣ ማለትም ፎቶውን በካሜራ ወይም በስካነር ወደ ኮምፒውተር ፋይል ወደ መለወጡ። የእድሳቱ ትልቁ ሥራ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። መጥፎ ኮፒ ይዞ የመጣን ሰው የትኛውም ፎቶሾፕ አያድነውም።

የተጣበቀ ፎቶ ከነመስታወቱ ነው ኮፒ የሚደረገው። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ያሉት ስካን፣ ኮፒና ፕሪንት አንድ ላይ የሚሠሩ ማሽኖች ብዙዎቹ የሚያዩት መስታወታቸው ላይ በቀጥታ የተኛን ወረቀት ብቻ ነው። በመሀል የፍሬም መስታወት ሲገባ ፎቶው ከፍ ስለሚል ይደበዝዝባቸዋል። ስለዚህ ካሜራ ወይም ጥሩ ስልክ ይሻላል። ፍሬሙን ቀን ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ መሬት ላይ ያስተኙ። የመስታወቱን የውጭ ገጽ በጣም በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ያጽዱ፤ ውሃ አይርጩ፣ በጠርዙ ይገባል። ፍላሽ ይጥፋ። ከላይ ቀጥ ብለው ያንሱ። መስታወቱ ላይ የእርስዎ ወይም የጣሪያው ነፀብራቅ ከታየ ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር ነጠላ መሀሉን ለካሜራው ቀዳዳ ሰጥተው ከላይ ይጋርዱበት። ስልኩን በጣም አያስጠጉ፤ ፎቶው ጠርዝ ላይ ይጣመማል። ከዚያ ፍሬሙን ዞር እያደረጉ፣ ብርሃኑ ከሌላ ጎን እንዲመጣ፣ ደጋግመው ያንሱ። አንዱ ላይ ያልታየ ነገር ሌላው ላይ ይወጣል።

ያልተጣበቁ ሌሎች ፎቶዎች ካሉ ግን በስካነር፣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይሁኑ። 9 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በዚህ ልክ 2126 በ2835 ነጥብ ያህል ይሰጣል፤ አጉልቶ ለማተም ይበቃል። ጉርድ ፎቶ ትንሽ ስለሆነ 1200 ይሁን። ፋይሉን ዝርዝር በሚቀንሰው በጄፔግ ዓይነት ሳይሆን በማይቀንሰው በቲፍ ያስቀምጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶውን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ አይላኩት። ያሳንሰዋል፣ ይጨፈልቀዋል። «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩ። ዋትሳፕም ላይ እንደ ሰነድ። ይህን አንዲት ነገር ባለማወቅ በየቀኑ ጥሩ ኮፒዎች ሲበላሹ አያለሁ።

ስለ አፑ እናትዎ ትክክል ናቸው። ያ ሰው አባትዎ አይደለም። ፊት የሚያድሱት ፕሮግራሞች የጠፋውን ፊት ፈልገው አያገኙም፤ «እዚህ ቦታ ምን ዓይነት ፊት ሊኖር ይችላል?» ብለው ይስላሉ። ከሚታወቁት አንዱ ጂኤፍፒጋን የተማረው ፍሊከር ከተባለው ድረ ገጽ ከተሰበሰቡ 70,000 የፊት ፎቶዎች ነው። አባትዎ እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ዓይኑ ያበራል፣ አፍንጫው ይስተካከላል፣ የፊት መስመሩ ይጠፋል። የእኛ ሰው ፎቶ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል። የአንገት ንቅሳት እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ይታጠባል። ሹሩባ ጭጋግ ይሆናል። የነጠላ ጥለት ይቀልጣል። ከጀርባ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ሆኖ ይወጣል። አያት ሆና ሙሉ ዕድሜዋን አንገቷ ላይ ንቅሳት የነበራት ሴት በአንድ ደቂቃ ንቅሳቷን ተነጥቃ ስትወጣ «ጸዳ» ይባላል።

ይህ ከውበት ጉዳይ ያለፈ ነው። ቤተሰብ ውስጥ የሚዞረው የተስተካከለው ፎቶ ነው። ለሙት ዓመት ሲሆን እሱ በባነር ይታተማል፣ ሳሎን ላይ እሱ ይሰቀላል፣ የልጅ ልጆች እሱን ያያሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ «ይሄ ማነው?» የሚል ሰው አይኖርም። አሁን እናትዎ አሉ፤ ፊቱን የሚያውቁት እሳቸው ስለሆኑ የመጨረሻውን ውሳኔ ለእሳቸው ይተዉ። እኔ አፕ ጨርሶ አትንኩ የምል ሰው አይደለሁም። ጭረት፣ አቧራ፣ የታጠፈ መስመር፣ የተበላ የግድግዳ ጥግ ላይ ጊዜ ይቆጥባል። ፊት ላይ ግን አይገባም።

እንግዲህ ግማሹ ፊት በእርግጥ ከጠፋ ምን ይደረጋል? ከሁሉ የሚሻለው ያንኑ ፎቶ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ይህ ለብዙ ሰው አይመጣለትም። የሠርግ ፎቶ አንድ ብቻ አይታተምም ነበር። ለወላጅ፣ ለሚዜ፣ ክፍለ ሀገር ላለ ዘመድ ይላካል። ከሚዜዎቹ አንዱ ወይም ልጆቻቸው ቤት አልበም ውስጥ ያው ፎቶ ሳይነካ ሊኖር ይችላል። ከተገኘ እድሳት የሚባል ነገር አያስፈልግም፤ ኮፒ ብቻ ነው። የእርስዎ ፍሬም ጀርባ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነም የፎቶውን ጀርባ ይዩ። የፎቶ ቤት ማህተምና ቁጥር ካለ ፎቶ ያንሱት። የድሮ ፎቶ ቤቶች ኔጌቲቭ በቁጥር ያስቀምጡ ነበር። ብዙዎቹ ተዘግተዋል፣ የፒያሳም ብዙው ፈርሷል፤ ነገር ግን የባለቤቶቹ ልጆች ሳጥኑን ይዘውት ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ አይከፋም።

ያ ካልሆነ የአባትዎ ሌላ ፎቶ ይፈለግ፤ በዚያው ዕድሜ ገደማ፣ ፊታቸው በዚያው አቅጣጫ የዞረ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የማኅበር ፎቶ። ጉርድ ፎቶ ትንሽ ናት ብለው አይናቋት። በ1200 ዲፒአይ ስካን የተደረገች 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ ለአንድ ዓይንና ለአንድ ጉንጭ ከበቂ በላይ ናት። ማህተሙ ጥግ ላይ ስለሚያርፍ ፊቱን ብዙ ጊዜ አይነካም። ከዚያ የተወሰደው ዓይን የእሳቸው ዓይን ነው። እዚህ ላይ ልኩን መናገር አለብኝ፦ ይህም ቢሆን ቅጥያ ነው። በዚያች የሠርግ ቀን ዓይናቸው ላይ የነበረው አተያይ አይደለም።

የማልመክረው ጤነኛውን ግማሽ ገልብጦ በጠፋው ላይ መለጠፍ ነው። ጀማሪዎች ይወዱታል። የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ፎቶ ቤት ውስጥ መብራቱም ከአንድ ጎን ስለሚመታ ጥላው ይጋጫል፤ የሆነ እንግዳ ሰው ይወጣል። ለኮትና ለኮሌታ ይሁን፤ ለፊት አይሁን። ሌላ ፎቶ ጭራሽ ከጠፋ ቦታውን በለዘበ ግራጫ ሞልቶ መተው ይሻላል። ዓይን እዚያ ላይ አይንጠለጠልም፤ የተረፈው ግማሽ ደግሞ የእሳቸው ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ወደ በጎ ፈቃደኞቹ ስንመጣ፣ ሥራው አዲስ አይደለም፤ ልምድም አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ከመታ በኋላ፣ በ2006 ኦፕሬሽን ፎቶ ሬስኪው የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ተቋቋመ። አሠራራቸው እንዲህ ነበር፦ ሰዎቹ ያሉበት ድረስ ሄደው ፎቶውን እዚያው ኮፒ ያደርጉና ኦሪጅናሉን ወዲያው ለባለቤቱ ይመልሱ ነበር። ኤዲት የሚያደርገው ሰው ሌላ ከተማ ተቀምጦ በፋይሉ ላይ ይሠራ ነበር። በ2011 ጃፓንን ሱናሚ ሲመታም ቤኪ ማንሰን የምትባል የፎቶ ኤዲተር በየአገሩ ያሉ የሙያ ጓደኞቿን በኢንተርኔት አስተባብራ ከጭቃ የወጡ የቤተሰብ ፎቶዎችን አሳድሳለች። ዲጂታል እድሳት ማለት ይህ ነው። ወረቀቱን ማንም አይነካውም፤ የሚታደሰው ኮፒው ነው። ብዙ ሰው «አድሰው ይመልሱልኛል» ሲል ያው ወረቀት ተጠግኖ የሚመጣ ይመስለዋል። አይመጣም። አዲስ ህትመት ነው የሚደርስዎ።

ስለዚህ ልጆቹ «ያምጡት» ማለታቸው ክፋት የለውም፤ «ትተውልን ይሂዱ» ካሉ ግን አይሆንም። ከእናትዎ ጋር ይሂዱ፣ አጠገባቸው ተቀምጠው ኮፒ ይደረግ፣ ፍሬሙን ይዘው ይመለሱ። ሦስት ነገር አስቀድመው ይነጋገሩ። አንደኛ፣ ፊት ላይ አፕ እንዳይጠቀሙ። ሁለተኛ፣ «በፊትና በኋላ» ብለው ቲክቶክ ላይ ከመለጠፋቸው በፊት ፈቃድዎን እንዲጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለሥራቸው ማሳያ ስለሚፈልጉት ነው እንጂ ለክፋት አይደለም፣ ግን የእርስዎ ወላጆች ናቸው። ሦስተኛ፣ ከተጨረሰው ጋር ያልተነካውን ኮፒም እንዲሰጡዎ፣ ከሌላ ፎቶ የተወሰደው ክፍልም የቱ እንደሆነ እንዲነግሩዎ።

እርስዎም በበኩልዎ አያስቸኩሏቸው። በነፃ የሚሠራ ልጅ ከሥራ በኋላ ማታ ነው የሚቀመጠው፤ አንድ ፊት ብቻውን ሌሊቱን ሊወስድ ይችላል። ሃምሳ ፎቶ ይዘው አይሂዱ፤ አንድ ሁለት ይምረጡ። መረጃ ይስጧቸው፦ አባትዎ ጢም ነበራቸው ወይ፣ ጥርሳቸው ፍንጭት ነው ወይ፣ ጠባሳ ነበር ወይ። ገና ሳይጨርሱም እናትዎ እንዲያዩት ያድርጉ።

ቀለምን በተመለከተ አጭሩ መልስ ይቻላል፣ ግን ግምት ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አልያዘም። ቀይ ጥለትና አረንጓዴ ጥለት አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊታተሙ ይችላሉ። አፕ «ቀይ ነው» ቢልዎ ፈጥሮ ነው። የሚያውቁት እናትዎ ናቸው፤ ዛሬ ይጠይቋቸውና ይጻፉት። በዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶን በእጅ ቀለም መቀባትም የተለመደ ስለነበር ጉንጭ ወይም ከንፈር ላይ ቅሪት ካለ ኤዲተሩ እንዳያጠፋው ይንገሩት። ባለ ቀለሙ ለብቻው ሌላ ኮፒ ይሁን። ዋናው ጥቁርና ነጩ ነው።

የእኔ ምክር እንግዲህ ቁርጥ ያለ ነው። ፎቶውን ከመስታወቱ አያላቁት። በዚህ ሳምንት ከነመስታወቱ በደንብ ኮፒ ያስደርጉ፤ ከቆየ ሻጋታው ሊቀጥል ይችላል። ለሚዜዎቹ ቤተሰብ ይደውሉ። ጉርድ ፎቶ ይፈልጉ። ለልጆቹ ፋይል እንጂ ፎቶ አይስጡ።

ኦሪጅናሉን ደግሞ ከግድግዳ ያውርዱት። እርጥብ ካርቶኑን ከጀርባው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ ብቻ ያውጡት፤ ከፎቶው ጋር ከተያያዘ ይተዉት። መስታወቱን አስተኝተው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ደረቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ያኑሩት። በፌስታል አይጠቅልሉት፤ እርጥበት ያፍናል። ኮንዶሚኒየም ከገቡ ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ አጠገብ አያስቀምጡት። የሚሰቀለው አዲሱ ህትመት ይሁን። ፍሬም ሠሪውንም በፎቶውና በመስታወቱ መሀል የካርቶን ጠርዝ እንዲያስገባ ይጠይቁት፤ ያኔ ሁለቱ አይነካኩም። ፋይሉን ስልክዎ ላይ ብቻ አይተዉት። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለ ለእሱ ይላኩ፤ ያልተነካውን ኮፒ ከታደሰው ጋር እንዳይምታታ ስሙን «ሠርግ 1964 ያልተነካ» ብለው ይጻፉበት።